የቀይ መብራት ካሜራን ሕዝብ የሚቃወመው ምኑን ነው? (ከጎንደር የቀረበ ጥያቄ)

ጠያቂ፦ ጡረተኛው መምህር (ማራኪ፣ ጎንደር)

ለተከበራችሁ ተሳታፊዎች ሰላምታዬ ይድረሳችሁ።

ባለፈው እሑድ የዕድራችን ወርኃዊ ስብሰባ ተጠናቅቆ ሰው ሊበተን ሲል አንድ አባል ያነሡት ሐሳብ እስከ ምሽት አቆየን። ሐሳቡ፣ ከፒያሳ ወደ አዘዞ በሚወስደው መንገድ ላይ በሚገኙት ዋና ዋና መጋጠሚያዎች የትራፊክ መብራት ከነካሜራው እንዲተከል፣ ቀይ እየበራ የሚያልፍ አሽከርካሪም በካሜራው ማስረጃነት እንዲቀጣ ዕድሩ ለከተማው አስተዳደር ማመልከቻ ያስገባ የሚል ነበር። የጎረቤታችን ልጅ ከትምህርት ቤት ሲመለስ በባጃጅ ተገጭቶ እግሩ ከተሰበረ ሁለት ወር እንኳ ስላልሞላው፣ ነገሩ ያለ ክርክር ያልፋል ብዬ ገምቼ ነበር።

አልሆነም። ከቤቱ ግማሹ ተቃወመ። የተቃወሙትም መኪና ያላቸው ብቻ አይደሉም፤ ዕድሜ ልካቸውን በእግራቸው የሚሄዱ አንዲት እናት ሳይቀሩ «ልጄ፣ ሰው ቢቀጣ ይለመናል፤ ዕቃ ግን ምን ተብሎ ይለመናል?» ሲሉ ቤቱ በሳቅ ተሞላ። ከሳቁ በኋላ ግን ክርክሩ ከረረ። ልጃቸው አሜሪካ የሚኖር አንድ አባል፣ እዚያ እንኳ ካሜራው ተተክሎ ለዓመታት ከሠራ በኋላ ሕዝቡ ፊርማ አሰባስቦና ድምፅ ሰጥቶ እንዳስነሣው ተናገሩ። ሌላው ወዲያው ተቀብሎ «የሠለጠነው አገር የጣለውን ነው እንግዲህ እኛ የምናነሣው?» አለ። በዚህ መሀል «አንተ ጸሐፊ ነህና አጣርተህ ለሚቀጥለው ወር አቅርብልን» ተብዬ አደራው በእኔ ላይ ወደቀ።

እኔ 34 ዓመት ሒሳብ ያስተማርሁ ሰው ነኝ፤ መልሱን ሳላውቀው እጄን ማውጣት አልወድም። ስለዚህ የምጠይቃችሁ ይህንን ነው። በሌላ አገር ካሜራውን የተቃወሙት ዜጎች በትክክል የተቃወሙት ምኑን ነው? ቅጣቱን ነው፣ መሣሪያውን ነው፣ ወይስ መሣሪያውን ያስተከለውን ክፍል? ያ ተቃውሞስ ባጃጅና ጋሪ፣ አህያና እግረኛ በአንድ አስፋልት በሚጋፉባት፣ መንገዷ ሁሉ ወይ ዳገት ወይ ቁልቁለት በሆነባት በእኛ ከተማ ምን ያህል ይሠራል?

«ቴክኖሎጂ ጥሩ ነው» ወይም «የፈረንጅ ነገር አይበጀንም» የሚለውን መልስ ከስብሰባው በበቂ ሁኔታ ስለሰማሁት፣ እሱን ብትተዉልኝ ደስ ይለኛል።

መልስ፦ የአራዳ ልጅ (ቴክሳስ)

መምህር፣ ጤና ይስጥልኝ። እትብቴ የተቀበረው አራዳ ነው፤ ላለፉት 18 ዓመታት ግን የምኖረው በቴክሳስ ሲሆን መተዳደሪያዬም መንዳት ነው። ስለዚህ ካሜራው ሲሠራም ሲጠፋም አይቻለሁ።

አሠራሩ ብዙ የሚያስቸግር አይደለም። ከማቆሚያው መስመር አጠገብ አስፋልቱ ውስጥ የተቀበረ የሽቦ ቀለበት አለ፤ በአንዳንድ ቦታ ደግሞ በምትኩ ራዳር ይሰቀላል። መብራቱ ቀይ ከሆነ በኋላ መኪና መስመሩን ሲያልፍ ካሜራው ሁለት ፎቶ ያነሣል፤ በአንደኛው መኪናው ገና መስመሩ ላይ ሳለ መብራቱ ቀይ መሆኑ ይታያል፣ በሁለተኛው መኪናው መሀል መጋጠሚያው ውስጥ ገብቶ ይታያል። አጭር ቪዲዮም ይጨመርበታል። ቢጫ ሳለ የገባና መሀል ላይ ቀይ የሆነበት ሰው በዚህ አሠራር አይከሰስም።

ክሱ ለሰው ሳይሆን ለታርጋ የሚጻፍ መሆኑን የተረዳሁት በራሴ ሲደርስ ነው። አንድ ቀን በፖስታ የመጣልኝን ደብዳቤ ስከፍት የመኪናዬን ጀርባ አየሁት፤ ታርጋዬ ጎላ ብሎ ይነበባል፣ በኋላው መስታወት ላይ የለጠፍኋት ትንሽ ባንዲራ ሳትቀር ትታያለች። እኔ ግን በዚያ ሰዓት ሥራ ላይ ነበርሁ። መኪናውን ይዞ የወጣው ከአገር ቤት ከመጣ ወር ያልሞላው የአክስቴ ልጅ ነበር። ቅጣቱ 75 ዶላር ነው፤ በቴክሳስ ሕግ ከዚያ አይበልጥም ነበር። የአክስቴ ልጅ 75ቱን ዶላር ወደ ብር መንዝሮ ካሰላው በኋላ እንቅልፍ ስላጣ፣ ከፋዩ እኔው ሆንሁ። እውነቱን ለመናገር ግን ፎቶው አልዋሸም፤ ቀይ ጥሷል።

አባላችሁ የሰሙት ወሬ እውነት ነው፤ ምናልባት የሂዩስተን ታሪክ ሳይሆን አይቀርም። በዚያች ከተማ 70 ያህል ካሜራዎች ነበሩ። ተቃዋሚዎቹ ፊርማ አሰባስበው ጉዳዩን ለሕዝብ ድምፅ አቀረቡት፤ እ.ኤ.አ. በ2010 መጨረሻ ላይ ከመራጩ 53 በመቶ ያህሉ «ይጥፉ» አለ። ይሁንና በዚህ አላበቃም። ካሜራዎቹን የሚያንቀሳቅሰው ኩባንያ ከከተማዋ ጋር ውል ስለነበረው ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ በሚቀጥለው ዓመት አንድ ዳኛ የድምፅ አሰጣጡ ተቀባይነት የለውም በማለቱ ካሜራዎቹ ለጥቂት ሳምንታት እንደገና በሩ፣ ከዚያም የከተማዋ ምክር ቤት ጭራሹን አጠፋቸው። ውሉን በማፍረሷ ምክንያት ከተማዋ ለኩባንያው ወደ 4.8 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል የተስማማችው በ2012 ነው። በ2019 ደግሞ የቴክሳስ ግዛት እንዲህ ያለውን ካሜራ በሕግ ከለከለ።

ምኑን ተቃወሙ ብለው ለጠየቁት፣ እኔ በነበርሁበት ሲወራ የሰማሁት ቁጣ በአብዛኛው በውሉ ላይ ነበር። መሣሪያውን የሚተክለው፣ ፎቶውን የሚያጣራውና ደብዳቤውን የሚልከው የግል ድርጅት ሲሆን፣ በአንዳንድ ከተሞችም ድርጅቱ የሚከፈለው በክሱ ብዛት ልክ ነበር። ቀይ የሚጥስ ሰው ሲቀንስ ገቢው የሚቀንስበት ድርጅት፣ ቀይ እንዳይጣስ ይደክማል ብሎ ማን ያምናል? ካሊፎርኒያ ከ2004 ጀምሮ እንዲህ ያለውን በክስ ብዛት የሚከፈል ውል የከለከለችው በዚሁ ምክንያት ነው። የቺካጎውማ ከዚህም የባሰ ነው። ከ300 በላይ ካሜራዎች በነበሩባት በዚያች ከተማ ፕሮግራሙን ይመራ የነበረው ሹም ከኩባንያው ጉቦ ሲቀበል መኖሩ ተረጋግጦ በ2016 የ10 ዓመት እስራት ተፈረደበት፤ የኩባንያው የቀድሞ ሥራ አስኪያጅም ታስራለች። ከዚያ በኋላ «ካሜራው የተተከለው ለደኅንነታችሁ ነው» የሚል ሰው ቺካጎ ውስጥ ሰሚ ማግኘቱን እጠራጠራለሁ።

መልስ፦ የመንገድ መሐንዲስ (አዘዞ)

የአራዳው ወንድማችን ስለ ገንዘቡ ጥሩ አድርጎ አስረድቷል። እኔ የምጨምረው ሰው ስለማያስተውለው ስለ ቢጫው መብራት ነው፤ በእኔ አስተያየት የተቃውሞው ጽኑ ክፍልም ይኸው ነው።

አንድ አሽከርካሪ ወደ መጋጠሚያ ሲቃረብ ቢጫ በራበት እንበል። ሩቅ ከሆነ ይቆማል፤ ቅርብ ከሆነ ያልፋል። ነገር ግን ቢጫው አጭር ከሆነ በመካከል አንድ ክፉ ቦታ ይፈጠራል፤ እዚያ ላይ የደረሰ ሰው ፍሬን ቢይዝ ከመስመሩ በፊት መቆም አይችልም፣ ቢቀጥልም ቀይ ሳይበራ መድረስ አይችልም። ምንም ጥፋት ሳይሠራ ጥፋተኛ ይሆናል። ይህን ችግር ሦስት ተመራማሪዎች በ1960 በታተመ ጽሑፍ አስልተው ያሳዩ ሲሆን፣ ለሒሳብ መምህር እየጻፍሁ ቀመሩን መደበቅ ነውር ስለሚሆን እነሆ፦ ቢጫው ቢያንስ ሊቆይ የሚገባው፣ አሽከርካሪው አይቶ ፍሬን እስኪረግጥ የሚሰጠው 1 ሰከንድ ሲደመር፣ የመኪናው ፍጥነት ለፍሬኑ ኃይል እጥፍ ተካፍሎ የሚገኘው ነው። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ማለት በሰከንድ 13.9 ሜትር ነው፤ ደኅና መኪና ደኅና መንገድ ላይ ተሳፋሪውን ሳያንገላታ በየሰከንዱ ፍጥነቱን 3 ሜትር ያህል ይቀንሳል ቢባል፣ ቢጫው 3.3 ሰከንድ ያስፈልገዋል።

ይህ ግን ለሜዳ ነው። መምህር ራስዎ እንዳሉት የእኛ መንገድ ዳገትና ቁልቁለት ነው። በየ100 ሜትሩ 8 ሜትር በሚወርድ ቁልቁለት ላይ ስበቱ መኪናውን ስለሚገፋው ያው ስሌት ከ4 ሰከንድ በላይ ይሰጣል። ልዩነቱ ጥቂት ይመስላል፤ በዚያ ፍጥነት ግን 11 ሜትር ያህል ነው፣ ማለትም ከእግረኛ መሻገሪያው ወዲህ በመቆምና መሻገሪያውን አልፎ በመቆም መካከል ያለው ልዩነት። ጤፍ የጫነ መኪና ወይም ፍሬኑ የሳሳ ባጃጅ ሲሆን ደግሞ ራሳችሁ አስቡት። የሌላ ከተማ መብራት ከነሰዓቱ ገልብጦ ቁልቁለት ላይ መትከል፣ ካሜራውንም ከላዩ መጨመር፣ ሰውን ለመቅጣት ወጥመድ ከማጥመድ አይለይም።

ክርክሩ የወሬ አይደለም። በ2014 ቺካጎ ውስጥ የከተማዋ መርማሪ ጽሕፈት ቤት ባወጣው ሪፖርት፣ ቢጫው 3 ሰከንድ ሳይሞላ በ2.9 ሰከንድ ቀይ ሆኖ የተጻፉ 77,000 ያህል ክሶች መኖራቸው ታውቋል። አንድ አሥረኛ ሰከንድ መሆኗ ነው! በኦሪገን ግዛት ደግሞ ባለቤቱ በ2013 በካሜራ የተከሰሰችበት አንድ የኤሌክትሮኒክስ መሐንዲስ ቀመሩን መርምሮ፣ ለመታጠፍ ፍጥነቱን ለሚቀንስ መኪና ጊዜው እንደማይበቃ አሳየ። የግዛቲቱ የመሐንዲሶች ቦርድ «ያለ ፈቃድ ምሕንድስና ሠርተሃል» ብሎ 500 ዶላር ቀጣው፤ እሱም ከስሶ በ2018 በፌዴራል ፍርድ ቤት ረታ፣ በ2020ም ዓለም አቀፉ የትራንስፖርት መሐንዲሶች ማኅበር መመሪያውን ሲያሻሽል የእሱን ሐሳብ ተቀበለ። ዕድራችሁ ውስጥ «ተራ ሰው ምን ያውቃል» የሚል ካለ ይህን ንገሩልኝ።

ካሜራው አደጋ ይቀንሳልን ለሚለው ጥያቄ አንድ ወጥ መልስ የለም። የአሜሪካ የፌዴራል አውራ ጎዳናዎች አስተዳደር በ2005 ባወጣው የሰባት አካባቢዎች ጥናት፣ መኪና መኪናን ከጎን የሚመታበት ግጭት 25 በመቶ ቀንሶ፣ ከኋላ የሚመታበት ደግሞ 15 በመቶ ጨምሯል። ሰው ፎቶ እንዳይነሣ ድንገት ፍሬን ሲይዝ ከኋላው ያለው ይገባበታል። ከጎን የሚደርሰው ምት የበለጠ ገዳይ ስለሆነ ግን በጥቅሉ ትርፍ እንዳለው ጥናቱ ይደመድማል። በአንጻሩ የሂዩስተንን ካሜራዎች መጥፋት የመረመረ በኋላ የወጣ ሌላ ጥናት፣ አንዱ የግጭት ዓይነት ሲጨምር ሌላው በመቀነሱ አጠቃላይ የአደጋው ቁጥር አለመለወጡን አግኝቷል።

የግሌን አስተያየት ከፈለጋችሁ፣ እኔ ቦታ ካለ ከመብራት ይልቅ አደባባይ እመርጣለሁ። አደባባይ ላይ የሚጣስ ቀይ የለም፣ መብራት ሲጠፋም አይጠፋም፣ ሹፌሩም ወደደም ጠላም ፍጥነቱን ይቀንሳል። ቦታ ጠቦ መብራት ግድ ከሆነ ግን የመንገዱን ዘቅዛቃነት ሳይለኩ ስለ ካሜራ ማውራት ከመሠረቱ በፊት ጣሪያውን መሥራት ነው። መለካቱ ደግሞ ቀላል ነው፤ ግንበኞች የሚይዙት ግልጽ የውሃ ቱቦ፣ የ10 ሜትር ገመድና አንድ መለኪያ ሜትር ይበቃል።

መልስ፦ ባለ ሊብሬ (ቀበሌ 18)

በዕድሩ ከተቃወሙት አንዱ እኔ ስለሆንሁ ምክንያቴን በጽሑፍ ላስረዳ። እኔ ነፍሰ ገዳይ አይደለሁም፣ ቀይ ይጣስም አላልሁም።

ያለችኝ በዕቁብና በብድር የገዛኋት አንዲት ሚኒባስ ናት። የምነዳት እኔ አይደለሁም። ሹፌሩ ጠዋት ይወስዳታል፣ ማታ የቀኑን ሒሳብ ያስረክበኛል፣ እኔም በደብተር እጽፋለሁ። ዛሬ ባለው አሠራር ሹፌሬ ቢያጠፋ ትራፊክ ፖሊሱ አስቁሞ መንጃ ፈቃዱን ይይዝና ክሱን በእሱ ስም ይጽፋል፤ የጥፋት ነጥብ የሚመዘገበውም በአሽከርካሪው ላይ ነው። ያጠፋው ይቀጣል፣ ያንኑ ቀንም ያውቃል። ካሜራ የሚያውቀው ግን ታርጋዬን ነው። ወረቀቱ ከሦስት ሳምንት በኋላ ሲደርሰኝ ሹፌሩ መተማ ወይም ሁመራ ሄዶ ሌላ መኪና ይዟል። እኔ የማንን ጥፋት ነው የምከፍለው? በመካከል ያለፉት ሦስት ሳምንታትስ እሱን ምን አስተማሩት?

ሌላም አለ። ባለፈው ክረምት ሌሊት ላይ ምጥ የያዛት የጎረቤት ልጅ ይዘን ወደ ሐኪም ቤት ስንሮጥ ትራፊክ ፖሊስ አስቆመን፤ በመስኮት ጎንበስ ብሎ ወደ ውስጥ አየና አንድ ቃል ሳይናገር በእጁ አሳለፈን። እማማ «ዕቃ አይለመንም» ያሉት ይህንን ነው፤ እኛ ሳቅን እንጂ ቁም ነገር ነበር።

መልስ፦ ነርሷ

ሁላችሁንም በትዕግሥት አነበብሁ። ሁላችሁም የተናገራችሁት ከመሪው ወዲህ ሆናችሁ ነው።

በድንገተኛ ክፍል ተረኛ ሆኜ የማያቸው በመኪና አደጋ የሚመጡ ሰዎች በአብዛኛው እግረኞች ናቸው። ወደ ወፍጮ ቤት ሲሄዱ መንገድ ላይ የተገጩ እናት መጥተው ነበር፤ ያመጧቸው ሰዎች ዘንቢላቸውንም አብረው አምጥተውት አልጋው ሥር አስቀመጡት። እህሉ አንድም ፍሬ አልፈሰሰም። እሳቸው ግን በሦስተኛው ቀን ዐረፉ፤ ዘንቢሉን ማን እንደሚወስደው ግራ ገብቶን ሁለት ቀን እዚያው ቆየ። የገጫቸው ሹፌር ቢጫው አጥሮበት አልነበረም፤ ሰው ሲሻገር እያየ ቸኩሎ ነው።

ባለ ሊብሬው ወንድሜ ምጥ የያዛትን ይዘው ሲሮጡ ፖሊሱን ስላሳለፋቸው አመሰገኑ፤ እኔም አመሰግነዋለሁ። ነገር ግን ያ ፖሊስ ማታ ቤቱ ይገባል፣ ዝናብ ሲመጣ ይጠለላል፣ የሚያውቀውንም ሰው ያልፋል። የምታዝን ዓይን ለሁሉም እኩል አታዝንም። መሐንዲሱ ያልጠቀሱት አንድ ጥናት አለ፤ በአሜሪካ የአውራ ጎዳና ደኅንነት የመድን ኢንስቲትዩት በ2011 ባወጣው ግኝት፣ ካሜራ ባላቸው 14 ትልልቅ ከተሞች ቀይ በመጣስ የሚደርሰው ገዳይ አደጋ ካሜራው ባይኖር ሊደርስ ከሚችለው 24 በመቶ ያነሰ ነበር። ከዚህ ሩብ ውስጥ አንዷ ባለ ዘንቢሏ ብትሆን ለእኔ ይበቃኛል። ማስታወሻው ሲጻፍ የሚሻገረው ሰውም ይጠየቅ፤ ለአንዲት አሮጊት መንገዱን ለመሻገር ስንት ሰከንድ ይሰጣታል የሚለውን እስካሁን አንዳችሁም አላነሣችሁም።

መልስ፦ ባለ ሊብሬ (ቀበሌ 18)

እኅቴ፣ ልክ ነሽ፤ የአሮጊቷን አላሰብሁትም ነበር። ክሱ በነዳው ሰው ስም ይጻፍ፣ በሳምንቱም ይድረሰኝ፤ ያን ጊዜ ከተቃዋሚዎቹ ወንበር እነሣለሁ። እኔ ያልሁት ካሜራው አይመልከት ሳይሆን የሚያየው ሰውየውን ይሁን ነው።

መልስ፦ ጠበቃው

ባለ ሊብሬው የተናገሩት ነገር በሕግ ቋንቋ ስም ያለው ነው። በሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 20 ንዑስ አንቀጽ 3 የተከሰሰ ሰው በፍርድ ሂደት ላይ ባለበት ጊዜ እንደ ጥፋተኛ ያለመቆጠር መብት አለው። «መኪናው የአንተ ነውና ነጂውም አንተ ነህ፤ አይደለሁም ካልህ አስረዳ» የሚል አሠራር የማስረዳቱን ሸክም ከከሳሽ ወደ ተከሳሽ ያዞረዋል። የአሜሪካዋ የሚዙሪ ግዛት ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2015 የሴንት ሉዊስን የካሜራ ደንብ የሻረው በዚሁ ምክንያት ነው።

ከዚህ መውጫ ሁለት መንገድ ታይቷል። ኒው ዮርክ ቅጣቱን ለባለ ንብረቱ እንደ መኪና ማቆሚያ ቅጣት ቆጥራ 50 ዶላር ታስከፍላለች፤ በማንም መንጃ ፈቃድ ላይ ነጥብ አይመዘገብም። ካሊፎርኒያ ደግሞ የነጂውን ፊት ጭምር በፎቶ ታነሣና በነጂው ላይ ክስ ትመሠርታለች። የኒው ዮርኩ ቀላል ቢሆንም ነጥብ የሚቆጠረው በአሽከርካሪ ላይ ከሆነበት ከእኛ ሥርዓት ጋር አይገጥምም፤ ያጠፋው ሹፌር መዝገቡ ንጹሕ ሆኖ ይቀራል። የካሊፎርኒያው ይገጥማል፤ ግን የሰው ፊት ስለሚሰበሰብ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ይመለከተዋል። ፎቶው ለምን ዓላማ እንደሚውል፣ ለምን ያህል ጊዜ እንደሚቀመጥ፣ ማን እንደሚያየው አስቀድሞ መወሰን ይኖርበታል።

ስለ ፊርማና ድምፅ አንድ ነገር ልጨምር። እዚያም ቢሆን የሕዝብ ድምፅ ሁልጊዜ አልጸናም፤ የዋሽንግተን ግዛት ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2012 ጉዳዩ ለከተማ ምክር ቤት እንጂ ለሕዝብ ድምፅ የተተወ አይደለም ብሏል። የእኛ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 30 አቤቱታ የማቅረብን መብት ያረጋግጣልና ዕድሩ በዚያ ይጠቀም። ከተተከለና ውል ከተፈረመ በኋላ «ይነሣልን» ከማለት ይልቅ፣ ከመተከሉ በፊት «ሲተከል እንዲህ ይሁን» ማለቱ ርካሽ ነው። ሂዩስተን ዋጋውን አሳይታለች።

ጠያቂ፦ ጡረተኛው መምህር (ማራኪ፣ ጎንደር)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ስጠይቅ «ይተከል» ወይም «አይተከል» የሚል ማስታወሻ ጽፌ የምገላገል መስሎኝ ነበር። አሁን እንደማየው ሰዎቹ የተቃወሙት የቢጫውን ማጠር፣ የኩባንያውን ድርሻና ክሱ ካላጠፋው ሰው ላይ መውደቁን ነው፤ እነዚህ ሳይኖሩ ካሜራውን ብቻ ለይቶ የጠላ ሰው በተረካችሁት ውስጥ ጥቂት ነው። በስብሰባችን የተቃወሙት እናትም ያሉት ሲመረመር የሚሰማ ሰው ይኑር ነው እንጂ ሹፌሩ አይቀጣ አይደለም።

ስለዚህ ማመልከቻው እንዲቀርብ ሐሳብ አቀርባለሁ፤ ግን ከእነዚህ ቃላት ጋር፦ መጋጠሚያው ለአደባባይ ይበቃ እንደሆነ አስቀድሞ ይታይ፤ መብራት ከሆነም ቢጫው በመንገዱ ዘቅዛቃነት ልክ ተሰልቶ የሰከንዱ ቁጥር ለሕዝብ ይለጠፍ፤ የእግረኛው ጊዜ በአሮጊት እርምጃ ይቆጠር፤ ክሱ በነዳው ሰው ስም ሆኖ በ7 ቀን ውስጥ ይድረስ፤ ለሚተክለው ድርጅት ክፍያው በክስ ብዛት አይሁን፤ ቅሬታ የሚሰማ፣ ፎቶውን ከባለ ጉዳዩ ጋር ቁጭ ብሎ የሚያይ ሰው በከተማችን ይመደብ። ጠበቃው ስለ ፎቶው አያያዝ አንድ ዓረፍተ ነገር ጽፈው ቢልኩልኝ እጨምረዋለሁ። ነርሷ እኅታችንም የዘንቢሉን ነገር በስብሰባው ላይ እንድናገረው ቢፈቅዱልኝ ደስታዬ ነው፤ ስም አልጠራም።

መሐንዲሱ ያሉትን የውሃ ቱቦ ከአንድ ግንበኛ ጎረቤት ተውሻለሁ። ቅዳሜ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ መኪና ሳይበዛ ወርደን ቁልቁለቱን እንለካለን። ባለ ሊብሬው ገመዱን በላይ በኩል እይዛለሁ ብለዋል፤ እግሩ የተሰበረው ልጅም ገና በምርኩዝ ስለሚሄድ ቁጥሩን የሚጽፈው እሱ ነው። ልኬቱን እዚሁ እለጥፈዋለሁና መሐንዲሱ ስሌቴን ያርሙልኝ።